ጉበት ብቻ የሚያነበው ደብዳቤ

ወጣቱ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር። ለጉዞው በታዘዘለት የጤና ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበትና ነገሩ ተበላሸ፤ ውጤቱ አልዋጥልህ ስላለው እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጥቶ እንደገና ደም ሰጠ። ድሬዳዋ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ማራገቢያ ሞቃት አየር ከማገላበጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። ሴረሙን፣ ማለትም ከደሙ የተለየውን ፈሳሽ፣ መመርመሪያው ስትሪፕ ላይ ጠብ አድርጌ ስጠብቅ እርጥበቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ተሳበ፤ መጀመሪያ የመቆጣጠሪያው መስመር ቀላ፣ ቀጥሎም ከሥሩ ሁለተኛው መስመር ወጣ። ዓይን የሚያጠራጥር ፈዛዛ መስመር ቢሆን ኖሮ እደግመው ነበር፤ ይህ ግን ከርቀት የሚታይ ነበር።

ውጤት መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም። ሐኪሙ ነገረው፣ አስረዳው፣ አረጋጋው። ልጁ ግን ወደ ቤቱ በመሄድ ፈንታ በላቦራቶሪው መስኮት ብቅ ብሎ፣ «አቦ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። እኛ ዘንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ዓመታት ሆኖኛል። «ደሙ እኮ እግሬም ውስጥ ይዞራል፣ ዓይኔም ውስጥ ይዞራል። ቫይረሱ ደሜ ውስጥ ካለ ለምን ጉበቴን ብቻ መረጠ?»

«መግቢያ በሩ ያለው ጉበት ላይ ስለሆነ ነው» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። መልሴ ስህተት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግማሽ መልስ ሰጥቼ እንደሸኘሁት ገባኝ፤ ግማሽ መልስ ደግሞ ከጥያቄው በላይ ይከነክናል።

በሩ የታወቀው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቤጂንግ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሄፓታይተስ ቢ ወደ ጉበት ሕዋስ የሚገባው ኤንቲሲፒ በሚባል፣ ጉበት የሐሞት ጨውን ከደም ለመሳብ በሚጠቀምበት ፕሮቲን በኩል መሆኑን አሳዩ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ሙሉ በሆነ ነበር። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ውስጥ የቫይረሱን ዲኤንኤ በር ሳያንኳኩ በቀጥታ ሕዋስ ውስጥ መጨመር ይቻላል። እንዲህ ተደርጎ ወደ ጉበት ሕዋስ የገባ ዲኤንኤ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል፤ ፋይብሮብላስት ወደሚባለው የአይጥ ሕዋስ የገባው ያው ዲኤንኤ ግን አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ዝም ብሎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ይህን ዝምታ የሰበረበት መንገድ ቀላል ነበር፦ ተመራማሪዎቹ ከቫይረሱ ዲኤንኤ ጋር በጉበት ውስጥ በብዛት የሚገኙ ፕሮቲኖችን፣ ለምሳሌ ኤችኤንኤፍ4 የሚባለውን፣ ወደዚያው የአይጥ ሕዋስ ጨመሩ። ያን ጊዜ ከጉበት ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሕዋስ የሰውን የጉበት ቫይረስ ማባዛት ጀመረ።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ አባዬ ነው።

አባዬ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ፈረንሳይኛውን ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከዎርክሾፑ፣ ከአለቆቹ ትእዛዝና ከመሣሪያ ዕቃ ዝርዝር ስለሆነ ይናገረው ከነበረው ይልቅ የሚያነበው ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ እናት ማኅተም ያረፈበት ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። እኛ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ሦስት ቤት ገብተው ነበር። በመጀመሪያው ቤት ወረቀቱን ገልብጠው አይተው መለሱላቸው። ሁለተኛው ቤት ያሉት ሼህ ዓረብኛን እንደ ውኃ የሚጠጡ አዋቂ ነበሩ፤ ይህ ግን የእርሳቸው ፊደል አልነበረም። ሦስተኛው ቤት የነበረው ተማሪ ፊደሉን ስለሚያውቀው በእንግሊዝኛ ድምፅ ጮክ ብሎ አነበበው፣ የሚለው ግን ለእርሱም ለእርሳቸውም አልገባም። አባዬ መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጥታ በአማርኛ ያነበው ጀመር፤ የሟች ባለቤታቸው የአገልግሎት ዘመን ተቆጥሮ ስለሚገባቸው ገንዘብ ይናገር ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቱን ሲያጥፉት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያው ወረቀት በአራት ቤት ገብቶ የተናገረው በአንዱ ብቻ ነው።

የሰው ልጅ ሕዋሳትም እንደዚያ ሰፈር ናቸው። አስኳል የሌላቸውን ቀይ የደም ሕዋሳት የመሳሰሉ ጥቂቶች ከተተዉ፣ የጉበትም ሆነ የቆዳ ወይም የአንጎል ሕዋስ በአስኳሉ ውስጥ የያዘው ዲኤንኤ ያው ነው፤ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደልና ፕሮቲን የሚሠሩ 20 ሺህ ገደማ ጂኖች። ልዩነቱ አንባቢዎቹ ላይ ነው። እያንዳንዱ የሕዋስ ዓይነት በዲኤንኤው ላይ የተወሰኑ አጫጭር ቃላትን እየፈለጉ የሚቀመጡ ፕሮቲኖች ስብስብ አለው፤ እነዚህ ፕሮቲኖች በተቀመጡበት አካባቢ ያለው ጂን ይነበባል፣ ያልተቀመጡበት ዝም ይላል። ቫይረስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤውን ይዞ ይመጣል እንጂ አንባቢ ይዞ አይመጣም። የራሳቸውን አጋዥ ፕሮቲን የሚሠሩ ቫይረሶች አሉ፤ ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ቢም አላቸው። ይሁን እንጂ አጋዡ ራሱ የሚሠራው ደብዳቤው አንድ ጊዜ መነበብ ከጀመረ በኋላ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን መስመር የሚያነበው የቤቱ ባለቤት ነው።

ጂን ከሩቅ ሆኖ ንባቡን የሚያጎላለት የዲኤንኤ ቁራጭ እንዳለ የታወቀውም ከቫይረስ ነው። ሳይንሱ ኢንሃንሰር ይለዋል፤ እኔ እዚህ አጎልባች እለዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዙሪክ በሚገኘው የዋልተር ሻፍነር ቤተ ሙከራ የጥንቸል ቤታ ግሎቢን ጂን፣ ማለትም የደም ቀለም ከሚሠሩት ጂኖች አንዱ፣ ሂላ ወደሚባሉት ሕዋሳት ተጨመረ። ሂላ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ1951 ከአንዲት አሜሪካዊት የማህፀን በር ካንሰር ተወስደው እስከ ዛሬ በብልቃጥ የሚራቡ ስለሆኑ ከደም ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ጂኑም በውስጣቸው ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ አላሰማም። ኤስቪ40 ከተባለ የጦጣ ቫይረስ የተቆረጠ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ሲቀጠልለት ግን ንባቡ 200 እጥፍ ያህል ጨመረ። ይህ ራሱ ያስገርማል፤ ይበልጥ የሚያስገርመው ቁራጩ ከጂኑ በፊት ቢቀመጥም ሠራ፣ ከጂኑ በኋላ ቢቀመጥም ሠራ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፊደል ርቆም ሠራ፣ ተገልብጦም ሠራ። ዛሬ እንደምናውቀው የዲኤንኤው ክር ይታጠፋል፤ በአጎልባቹ ላይ የተቀመጡት ፕሮቲኖችም የራቀውን ጂን ጫፍ በዚያ እጥፋት ያገኙታል።

ኤስቪ40 ራሱ የፖሊዮ ክትባት ይራባበት በነበረ የጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960 ሳይጠበቅ የተገኘ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የእሱ አጎልባች በጦጣ ሕዋስ ውስጥ ይበልጥ እንደሚጎላ፣ ከአይጥ ቫይረስ የተወሰደው አጎልባች በበኩሉ በአይጥ ሕዋስ ውስጥ እንደሚበረታ ታየ፤ እያንዳንዱ ደብዳቤ የተጻፈው ለራሱ ሰፈር አንባቢ ነበር ማለት ነው። የእኛው የራሳችን አጎልባች የተገኘው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል በሚሠራው ጂን ውስጥ የተቀመጠ፣ ፀረ እንግዳ አካል በሚያመርቱት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚናገር፣ ከእነሱ ውጪ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ዝም የሚል ቁራጭ። የቤታችንን ዕቃ መጀመሪያ ያየነው እንግዳ እጅ ላይ ነው፤ ይህ ቅደም ተከተል ባነበብኩት ቁጥር ፈገግ ያሰኘኛል።

ወደ ልጁ ቫይረስ ልመለስ። ሄፓታይተስ ቢ ያለው ፊደል 3,200 ገደማ ብቻ ነው፤ በአማርኛ ቢተየብ ሁለት ገጽ ቢሞላ ነው። በዚህች ቦታ ላይ አራት ጂኖች እርስ በርስ ተደራርበው ተጽፈዋል፤ ፕሮቲን የማያዝ ባዶ ፊደል ስለሌለበትም ንባቡ የትና መቼ እንደሚጀመር የሚያዙት ማዘዣዎቹ፣ አጎልባች አንድና አጎልባች ሁለት የሚባሉትን ጨምሮ፣ የግድ በጂኖቹ ፊደላት ውስጥ ነው የተሸሸጉት። ሰምና ወርቅ የተማረ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ፊደሉን በአንድ መንገድ ያነበበው የፕሮቲን አሠራር ያገኛል፣ በሌላ መንገድ ያነበበው «ጉበት ውስጥ ከሆንክ ጀምር» የሚል ትእዛዝ ያገኛል። ኤችኤንኤፍ4 እና ጓደኞቹ የሚቀመጡት በዚህ በወርቁ ላይ ነው። አጎልባች አንድ ላይ ደግሞ የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ የሆነው ፕሮቲንም የሚቀመጥበት ቃል አለ፤ በዚህ ቫይረስ የተነሳ የሚመጣው የጉበት ካንሰር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታሰባል። ጉበት ውስጥ ከገባ በኋላ የቫይረሱ ዲኤንኤ ክብ ሠርቶ በአስኳሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንደ ቴኖፎቪር ያሉት መድኃኒቶች የሚያግዱት ከዚያ የተቀዳውን መልሶ ዲኤንኤ የማድረጉን ሥራ በመሆኑ ክቡን አይነኩትም፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ለዓመታት የሚወስደውም ለዚህ ነው። እናቶቻችን የወፍ በሽታ ብለው የሚጠሩት የዓይን ቢጫነት ሳይታይ፣ ሰውዬው አንድም ነገር ሳይሰማው፣ ክቡ በጉበት አንባቢዎች እጅ እየተነበበ ዓመታት ያልፋሉ።

የኤችአይቪ ነገር የሚለየው አንባቢው በዚያው ሕዋስ ውስጥ ሆኖም ሊተኛ ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ራንጃን ሴን እና ዴቪድ ባልቲሞር በፀረ እንግዳ አካል ጂን አጎልባች ላይ የሚቀመጥ አንድ ፕሮቲን አገኙና ኤንኤፍ ካፓ ቢ አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ፕሮቲን የሚቀመጥባቸው ሁለት ቃላት በኤችአይቪ ማዘዣ ላይ እንዳሉም ታየ። ሲዲ4 የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ሲያርፍ ይህ ፕሮቲን ከአስኳሉ ውጪ ታስሮ ይቆያል፤ ሕዋሱ ለጠላት ሲነሳ ተፈትቶ ወደ አስኳሉ ይገባል፣ የራሳችንን የመከላከያ ጂኖች ያስነሳል፣ በዚያው መንገድ የቫይረሱንም ደብዳቤ ያነብለታል። ያረፉት ሕዋሳት ውስጥ ያለው ቫይረስ ግን አይነበብም፤ ስለማይነበብ መድኃኒት አያገኘውም፣ የሰውነት መከላከያም አያየውም። ለረጅም ዓመታት መድኃኒቱን ሳያጓድል የወሰደ፣ በምርመራ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ቫይረሱ የሚመለሰው ከእነዚህ የተኙ ሕዋሳት ነው። ናሙናው ላይ «አልታየም» የሚል ውጤት በጻፍኩ ቁጥር ይህን አስታውሳለሁ፤ ቃሉ «የለም» አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ ቆዩት እንግዶች። ድሬዳዋ ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ «ለገሃሬ» ብትሉ ሾፌሩ ቃሉ ከየት መጣ ብሎ አያስብም፤ ሰፈር ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» አሉት፤ እኛ አፋችን ላይ አሟሸነውና ለገሃሬ ሆነ። ኩባንያው ሄዶ፣ ፈረንሳይኛውም ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሞተ፣ ቃሉ ግን ዛሬም መንገደኛ ያደርሳል። ከ3 ቢሊዮኑ ፊደላችን 8 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ ነው፤ በጥንት ዘመን የአያቶቻችንን የዘር ሕዋስ ይዘው ከልጅ ወደ ልጅ የተላለፉ ሬትሮቫይረሶች፣ ማለትም ደብዳቤያቸውን በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰፉ ቫይረሶች፣ ቅሪት። ፕሮቲን የሚሠራው ክፍላችን ከ2 በመቶ እንደማይበልጥ ሲታሰብ ይህ ትንሽ አይደለም። አብዛኞቹ ቅሪቶች ፈርሰው ጫፋቸው ብቻ ቀርቷል፤ ጫፋቸው ደግሞ አጎልባቹ ያለበት ነው።

ከእነዚህ ውስጥ የምወደው የምራቅ ታሪክ ነው። ልጆች ሆነን አባዬ ዳቦውን «አኝከው፣ ይጣፍጣል» ይለን ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጠዋል። ሰው ሁለት ዓይነት የአሚሌዝ ጂኖች አሉት፤ አንደኛው ዓይነት በቆሽት ውስጥ ሁለተኛው በምራቅ ዕጢ ውስጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ከምራቁ ጂን ፊት የቆመ የጥንት ሬትሮቫይረስ ቅሪት እንዳለና ያን ቁራጭ ወደ አይጥ በመጨመር ጂኑ በምራቅ ዕጢዋ ውስጥ እንዲነበብ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። ቫይረሱ ጂኑን አልፈጠረውም፤ ቆሽት ውስጥ ብቻ ያነብቡት የነበረውን በሌላ ቤትም እንዲነበብ አደረገው እንጂ። ይህን ስል ምራቅ ሁሉ የቫይረስ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፤ አይጥ በተፈጥሮዋ የራሷ የምራቅ አሚሌዝ አላት፣ እሷ ዘንድ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ኤምኢአር41 የሚባል የሬትሮቫይረስ ቅሪት ኢንተርፌሮን ለሚባለው የመከላከያ መልእክት እንደ አጎልባች እንደሚያገለግል ታየ፤ ተመራማሪዎቹ አንዱን ቅሪት ቆርጠው ሲያወጡት አጠገቡ ያለው የመከላከያ ጂን ለመልእክቱ መልስ መስጠት አቃተው። የድሮ ቫይረስ ቁራጭ ዛሬ በአዳዲስ ቫይረሶች ላይ ዘብ ቆሟል ማለት ነው። እንግዴ ልጅ ውስጥም እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ።

ቅሪት ያልሆነ፣ ትኩስ አጎልባች ያለቦታው ሲያርፍ ግን ምሕረት የለውም። በፓሪስ የመከላከያ አቅም ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናትን በጂን ለማከም ከአይጥ ሬትሮቫይረስ የተሠራ ማጓጓዣ ተጠቅመው ነበር፤ ሕክምናው አብዛኞቹን አዳነ፣ ነገር ግን ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ 4 ሕፃናት በሉኪሚያ ተያዙ፣ አንዱም ሞተ። በአብዛኞቹ ላይ ማጓጓዣው ያረፈው ኤልኤምኦ2 በሚባል ጂን አጠገብ ነበርና የቫይረሱ አጎልባች መነበብ የማይገባውን ጂን በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ያስነብበው ጀመር። ከዚህ በኋላ በተሠሩት ብዙ ማጓጓዣዎች ይህ የአጎልባች ክፍላቸው ተቆርጦ እንዲወጣ ተደረገ። በ2013 ዓ.ም. ተሰልፈን የተወጋነው የአስትራዜኔካ ክትባት ደግሞ ሳይቶሜጋሎ ከሚባል ሌላ ቫይረስ የተወሰደ ማዘዣ ነበረው። ያ ማዘዣ በአብዛኞቹ ሕዋሳት ውስጥ በኃይል የሚነበብ ስለሆነ የኮሮናውን ፕሮቲን በክንዳችን ሕዋሳት እንዲሠራ አደረገ። ሳይቶሜጋሎ ራሱ ግን በመቅኔ ውስጥ ባሉ ወጣት ሕዋሳት ተኝቶ ይኖራል፤ ያው ማዘዣ እዚያ ዝም ይላልና።

ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለጉበት ምርመራ ተመልሶ መጣ። ደሙን ቀድቼ ጥጡን ክንዱ ላይ እያስያዝኩት፣ ያን ቀን የነገርኩት ግማሹን ብቻ እንደነበረ፣ ቫይረሱ ሌላ ቦታ ቢገባ እንኳ የሚያነብለት እንደማያገኝና አንባቢዎቹ የጉበቱ የራሱ ፕሮቲኖች እንደሆኑ የአባዬን ደብዳቤ ምሳሌ አድርጌ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ «እንዲያ ከሆነማ ዶክተር፣ አንባቢውን ከጉበቴ ማስወጣት አይቻልም?» አለ።

አንባቢው ቢወጣ ጉበቱ የራሱን ሥራ፣ ስብና ስኳር ማስተናገዱን፣ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን መሥራቱን እንደሚያቆም፣ ኤችኤንኤፍ4 የቫይረሱ ሎሌ ከመሆኑ በፊት የጉበቱ ባለሙያ እንደሆነ፣ ስለዚህ ተመራማሪዎች አንባቢውን ትተው ክቡን ደብዳቤ ራሱን የሚያሽጉበትን መንገድ እንደሚፈልጉ ነገርኩት። «እስከዚያስ?» አለኝ። እስከዚያ በየስድስት ወሩ ምርመራ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ መድኃኒት፣ ቤተሰቡን ማስመርመርና ያልተከተበውን ማስከተብ ነው አልኩት። ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጥሎ የእጅጌውን ቁልፍ ቆለፈና ከእናቱ ጀምሮ አራት እንደሚሆኑ፣ ቅዳሜ ይዟቸው ቢመጣ ክፍት እንደምንሆን ጠየቀኝ።